ማዳበሪያ የጫነች ጀልባ

ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅቡቲ

ሲቲ፣

ነገሩ የተበላሸው እኔ «ማዳበሪያ!» ብዬ በጮኽሁበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት ሊስተካከል ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቃሉ ከአፌ ወጥቶ የሰው ሆነ።

ሰላምታዬ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ነው፤ እሱን ለእናቴ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ይህኛው ያንቺ ነው። እናቴ አጠገብሽ ካለች አጥፈሽ ጉያሽ ክተቺውና ብቻሽን ስትሆኚ ክፈቺው። ስልክ ያልደወልኩትም ለዚህ ነው። መርሳ ላይ ኔትወርክ ቢኖር እንኳ የእናቴ ጆሮ ስለደከመ በድምፅ ማጉያው ታደርጊዋለሽ፤ ያኔ ግቢው ሁሉ ይሰማል።

መሐላዬን አስታውሰሽኛል። አልረሳሁትም። ወንድሜ ኡበይደላ በሄደ በዓመቱ ለእረፍት ስመጣ «ስለ ባሌ የምትሰሚው ካለ ለሽማግሌ ሳይሆን መጀመሪያ ለእኔ» ብለሽ አስምለሽኛል። ያኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። አሁን እየጠበቅሁልሽ ነው። መርዶ ግን እየነገርኩሽ አይደለም። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ በር አንኳኩቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኔ ያየሁትን ብቻ እጽፍልሻለሁ።

እኔ የምሠራባት መርከብ የምትፈልገው ሌላ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሰመጠች የእንፋሎት መርከብ ናት፤ ስንትና ስንት ጊዜ ተፈልጋ አልተገኘችም። እኛ ከኋላችን ሶናር እየጎተትን ነበር። ሶናር ድምፅ ወደ ባሕሩ ወለል ይልክና የሚመለሰውን ያዳምጣል፤ ያዳመጠውን በስክሪን ላይ ምስል ያደርገዋል። ብረት አብርቶ ይታያል፤ ከኋላውም ጥላ ይጥላል። የእኔ ሥራ ያንን ጥላ ማንበብ ነው። መርከቧን ያገኘኋት እኔ ነኝ፣ ሲቲ። ፈረንጆቹ ድንጋይ ነው ብለው አልፈዋት ነበር። «ድንጋይ እንዲህ ቀጥ ያለ ጥላ አይጥልም» ብዬ ተከራከርኩ። በገመድ የምትወርድ ካሜራ ያላት ሮቦት ሰደዱ፤ መርከቧ ሆነች። ተቃቀፉ፣ ጨፈሩ። እኔንም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ ጥላ አየሁ። ትንሽ ነው። የፍለጋው አለቃ «እሱ የእኛ አይደለም፣ እለፊው» አለኝ። እኔ ግን ሮቦቷ ስትመለስ በዚያ በኩል ትለፍ ብዬ ለመንኩ። አለፈች።

የእንጨት ጀልባ ናት። ተቀምጣለች እንጂ አልተገለበጠችም፤ አንዱ ጎኗ ተሰንጥቋል። ዙሪያዋን አሸዋው ላይ ኮንጎ ጫማ አለ። መርሳ ገበያ ላይ ተከምሮ የምናየው ያ የፕላስቲክ ጫማ። ጥንድ ጥንዱን ነው የተቀመጠው፤ አንዳንዱ ጎን ለጎን፣ አንዳንዱ እንደሚራመድ ሰው አንዱ ቀድሞ።

ከዚያ መብራቱ ወደ ጀልባዋ ውስጥ ገባ። ቢጫ ጀሪካን። ማዳበሪያ የለበሰ።

አንቺ ይህን ስታነቢ የገባሽ ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ለነበረ ለማንም አልገባውም። የእኛ አገር ሰው ከረጢቱን ማዳበሪያ ይለዋል። ማሽላ ቢይዝም ማዳበሪያ ነው፣ ከሰል ቢይዝም ማዳበሪያ ነው፣ ባዶውን ቢሆንም ማዳበሪያ ነው። ውሃው እንዲቀዘቅዝ ለጀሪካን የሚሰፋለት ልብስም ማዳበሪያ ነው። በቀይ ክር ነው የተሰፋው። አፉ ዙሪያ ሰማያዊ ጨርቅ አለበት። የማን ዩኒፎርም እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እናቴ ለኡበይደላ ጀሪካን ብላ ስትቀድደው «ገና ይለበስ ነበር እኮ» ብዬ የተጣላኋት እኔው ነኝ።

በአማርኛ ነው የጮኽሁት። መዝጋቢው፣ በክፍሉ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ የሚጽፈው ሰውዬ፣ «ምን አለች?» ብሎ ቃሉን ለስልኩ ሰጠው። ስልኩ ተረጎመለት። እኔ መተላለፊያው ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስመለስ ተጽፎ ጠበቀኝ፦ አነስተኛ የጭነት ጀልባ። ጭነት፣ የእርሻ ማዳበሪያ። የሰው ምልክት፣ የለም።

«የሰው ምልክት የለም ማለት ምን ማለት ነው? ጫማዎቹስ?» አልኩት አለቃውን።

«ጫማ ሸቀጥም ሊሆን ይችላል።»

«ተረከዙ ያለቀ ሸቀጥ?»

«ሀስና፣ ማዳበሪያ ያልሽው አንቺ ነሽ። ድምፅሽ ተቀድቷል።»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን አልጽፍልሽም፤ የአባቴን ቤት የማያኮራ ንግግር ነው። በሁለተኛው ቀን «ዕረፍት ያስፈልግሻል» ብለው ወደብ ላይ አወረዱኝ። ትናንት የመርከቧ መገኘት በዜና ተነገረ። አለቃው ሲናገር አየሁት። ጥላውን ማን እንዳነበበው አልተናገረም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የአክስቴ ልጅ ኢሕሳን ነው። መኪናውን ጭኖ በሚሌ፣ በሐራ አድርጎ ይመጣል። እሱ ምንም አያውቅም። አታሳውቂው። አልቅሰሽ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ሀስና


(ሁለተኛው ወረቀት)

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ከድጃ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራው ስላለቀ ከመርከቧ ወርጄአለሁ፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

«ባሕሩን በምን ይለኩታል?» ብለሽ ያስጻፍሽውን ወደድኩት። ጥንት አንቺ የጉድጓዱን ውሃ እንደምትለኪው ነበር፣ እማ። አንቺ ድንጋይ በገመድ አስረሽ ትሰጃለሽ፤ እነሱ እርሳስ ነው የሚሰዱት። ከእርሳሱ ሥር ሞራ ይቀቡበታል፤ ወጥቶ ሲያዩት የተጣበቀበት አሸዋ ከሆነ ወለሉ አሸዋ ነው፣ ጭቃ ከሆነ ጭቃ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አንዲት መርከብ ዓለሙን ሁሉ እየዞረች እንዲህ ስትለካ ዓመታት ፈጅቶባታል። ገመዱ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ ወርዶ እስኪወጣ ቀኑ ይሄዳል። በኋላ ነው ድምፅ የመጣው። ገደል አፋፍ ላይ ቆመሽ ስትጣሪ ድምፅሽ ዘግይቶ ከተመለሰ ገደሉ ሩቅ ነው አይደል? እነሱም ባሕሩን ይጠሩታል፤ ቆይቶ ከመለሰ ጥልቅ ነው።

ታች ምን አለ ላልሽው፣ ጨለማ ነው፤ ብርድም አለ። ሌላ ምንም የለም።

ስለ ኡበይደላ ደግመሽ ጠይቀሽኛል። ወሬ ስሰማ እጽፍልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ልጅሽ ሀስና

~

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
መርሳ

አንቺ የባሕር ጅኒ ሀስና፣

ሰላምታ አልጽፍልሽም። አንቺም አልጻፍሽልኝም።

አላለቀስኩም። ብለሽ ብለሽ ይህንን ትጠይቂኛለሽ? ደብዳቤሽን የከፈትኩት ማሽላ ጥበቃ ማማው ላይ ወጥቼ ነው። አንዴ አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ወንጭፌ ጭኔ ላይ ነው። ወፉ መጣ፤ አየሁት፤ በላ። ከታች የእኔ አማት፣ እናትሽ፣ «ሲቲ! እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ? ወፉ ጨረሰን እኮ!» ብላ ጮኸች። «አዎ እማ፣ አሸልቦኝ ነው» አልኳት። ያ ነው ልቅሶዬ። ምን ለብሼ ላልቅስ? ጥቁር ልልበስ? ለማን ብዬ? ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ሳማርጥ ሰው ያስቀኛል፣ እስቃለሁ። ስቄ ስመለስ መንገድ ላይ አፌን በሻሽ እይዘዋለሁ።

ሸህ አብዱልሐሊም ዘንድ ሄድኩ። እንደ ወሬ አስመስዬ ነው የጠየቅኋቸው። «ሸሆች፣ አንዲት ሴት ባሏ ባሕር ገብቶ ድምፁ ቢጠፋ፣ እህቱ ደግሞ የጀልባውን ስብርባሪ ከመርከብ ላይ በካሜራ አየሁ ብትል፣ ሴትየዋ ምን ትባላለች?»

ሳቅ አሉና «ያቺ ሴት አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«ወላሂ እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣ ባልሽ ጠፋ ነው የተባለው፤ ሞተ አልተባለም።»

«የሚጠፋስ በሬ ነው፣ ሸሆች።»

ተስቢሃቸውን መቁጠር አቆሙ። የተቆጡኝ መስሎኝ ልነሳ ስል «ተቀመጪ» አሉኝ። «በመሣሪያ መስታወትና በስልክ የታየ ነገር ብዙ ያጣላል። የመርከቧ ሹም የፈረመበት ወረቀት ይምጣ። ሰው ነበረባት ይበል። ያኔ ጋኢብ እንሰግድለታለን፣ አስከሬኑ ለራቀው የሚሰገደውን። አንቺም ኢዳሽን፣ የመበለት አራት ወር ከዐሥር ቀኑን፣ ትቆጥሪያለሽ፤ ሐዘንሽንም ታወጪያለሽ።» በደግ ሰው አፍ ነው የተናገሩኝ። ግን አየሽ፣ ሀስና? እኔ ሚስት ልሁን ባሌ የሞተብኝ ልሁን፣ የሚወስነው ያ ትከሻሽን መታ መታ ያደረገሽ ሰውዬ ሆነ። ወረቀቱን አምጪልኝ።

እናትሽ ደህና ናት። የባሕሩን ነገር ሁለቴ አስነበበችኝ፤ «ሞራ መቀባታቸው ብልሃት ነው» አለች። ያልወደድኩላት አንድ ነገር ብቻ አለ። አሁንም ለሚሄዱት ልጆች ጀሪካን ታለብሳለች። ወሬው ርቋል፤ ከግራና ድረስ ይመጡባታል። በነጻ ነው የምትሰፋው። በዚያው በቀይ ክሯ። ሲወጡ ለእያንዳንዱ ያንኑ ትላለች፦ «ከመቀመጫህ ጋር እሰረው ልጄ። ባሕር ላይ ሰው ውሃ ይነጥቃል፤ እሰረውና ተቀመጥ።» ከዚያ ትመርቃቸዋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ምን ልበል?

ሲቲ

~

ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅቡቲ

እህቴ ሲቲ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ይኸው ሰላምታ። ስለ ማልቀስ የጠየቅሁሽ ይቅር በይኝ፤ የማልቀስ ፈቃድ እንኳ እንደሌለሽ አላሰብኩም ነበር።

ከወንድሜ ጋር ማን እንደነበር አላውቅም። የጫማዎቹን ባለቤቶች ማንም አያውቅም። ከወረዳችን ከሀብሩ ብቻ ናቸው ወይስ ከሌላም፣ ባሕሩ አይናገርም።

አለቃውን አገኘሁት። ሆቴል ጠርቶ ቁጭ አድርጎኝ ሻይ አዘዘልኝ። እኔ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። በበረዶ ግግር ተመትታ የሰመጠችውን ያቺን ዝነኛ መርከብ ታውቂያታለሽ፤ ጋሽ አያሌው በጂኦግራፊ ክፍል የነገሩን። ከሰመጠች ከሰባ ዓመት በኋላ ነው የተገኘችው። የፈለጓት ሰዎች መርከቧን ራሷን አልነበረም የተከተሉት፤ ስትወርድ መንገድ ላይ ያንጠባጠበችውን ዕቃ ነው። ወለሉ ላይ ደግሞ ጥንድ ጫማዎች አገኙ። ሥጋም አጥንትም የለም፤ ያንን ባሕሩ ይወስደዋል። በቆዳ ፋቂ እጅ ያለፈውን ቆዳ ግን ባሕሩ አይበላውም። ስለዚህ «ጥንድ ጫማ ባለበት ሰው ነበረበት» አሉ፤ ቦታውንም እንደ መቃብር አከበሩት። ይህንን ያስተማሩኝ ራሳቸው የአለቃው ሰዎች ናቸው። ፈተና ላይ ጽፌው ሙሉ ነጥብ ሰጥተውኛል።

«ለዚያች መርከብ መንገደኞች ጫማ ምስክር ከሆነ፣ ለእኛ ልጆች ለምን ሸቀጥ ይሆናል?» አልኩት።

«ያኛው የተመዘገበ ታሪክ ነው። የመንገደኞች ስም ነበረ።»

«የእኛም ስም አላቸው። አልጠየቃችሁም እንጂ።»

«ሀስና፣ እኔ መርከብ ፈላጊ ነኝ። ሬሳ ፈላጊ አይደለሁም። ሰው ነበረበት ብዬ ብጽፍ መንግሥታት ይገባሉ፤ ፈቃዳችን ይታገዳል፤ የእንፋሎት መርከቧ ሥራ ይቆማል። ትንሽ ታገሺ። ሪፖርቱን እንዳለ ፈርሚ፤ መርከቧን ካገኙት ሰዎች መሀል ስምሽን መጀመሪያ አደርገዋለሁ።»

እስክሪብቶውን አንስቼ አየሁት። ውሸት አልነግርሽም፣ ስሜ አማረኝ። ከመርሳ ተነስታ፣ ማንጎ ጥላ ሥር ተምራ፣ ባሕር ሳታይ ስለ ባሕር ያጠናች ልጅ ስሟ እዚያ ላይ ቢጻፍ ማን ይጠላል? መለስኩለት። «ቢያንስ ማዳበሪያ የሚለውን አጥፋና ጀሪካን በል» አልኩት። አላጠፋውም። ሪፖርቱ ያለ እኔ ፊርማ ወጥቷል። እኔም የራሴን ጽፌ ለሚመለከታቸው ሁሉ ልኬያለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። ለሸሆች የሚሆን ወረቀት አላገኘሁልሽም። ይቅር በይኝ።

በኢሕሳን በኩል የላክሽው ብጣሽ ወረቀትም ደርሶኛል። ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። አውቄ እየዘለልኩት ነው። አትድገሚው።

ለእናቴ፦ ሞራው ብልሃት ነው ማለትሽን ስትሰማ ሳቀች በያት። ስፌቱንም ተይው፣ ዓይንሽ ይደክማል ብላለች በያት።

ሀስና

~

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
መርሳ

ሀስና፣

ታውቃለች።

እንዴት ልታውቅ ቻለች ትይኛለሽ፤ እኔ አልነገርኳትም፣ ወላሂ። የነገራት ያ የተረገመ ወረቀት ነው።

ኔትወርክ ተመልሶ ሁለት ቀን ቆይቶ ነበር። ጋሽ አያሌው ዜናውን አዩ፤ «የእኛ ሀስና የፈለገቻት መርከብ ተገኘች» ብለው ደስ ብሏቸው ሪፖርቱን በስልካቸው ይዘው ሸህ አብዱልሐሊም ዘንድ ሄዱ። ሸሆችም ነገሬን ስለሚያውቁ «እስቲ ስለ ትንሽ ጀልባ የሚል አለው?» አሏቸው። ሁለቱ ተያይዘው እኛ ቤት መጡ። ለእኔ ብለው ነው። እናትሽ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ለአንድ የግራና ልጅ ጀሪካን እየሰፋች ነበር፤ ጆሮዋ ስለደከመ ማንም አላሰባት።

ጋሽ አያሌው በእንግሊዝኛው ካነበቡ በኋላ ጮክ ብለው ተረጎሙት። አስተማሪ መቼም ቀስ ብሎ አያውቅም። «ሌላ አንዲት ጀልባም ታይታለች ይላል። ማዳበሪያ የጫነች ናት። ሰው የለባትም።»

ሸሆች «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ፤ «አየሽ ልጄ? የጭነት ናት።» እኔ አንገቴን ደፋሁ።

የእናትሽ መርፌ ቆመ።

«ምን የጫነች?» አለች።

«ማዳበሪያ፣ እማማ ከድጃ።»

«ምን ዓይነት ማዳበሪያ?»

«ዩሪያ ይሁን ዳፕ ይሁን አይልም» አሉ ጋሽ አያሌው። ቀልድ መስሏቸው ፈገግ ብለዋል።

«ቀይ ክር አለው ወይ ነው የምልህ!»

ፈገግታቸው ሲጠፋ አየሁት። ሸሆችም ገባቸው፤ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። አየሽው አይደል ሀስና? ያንቺ ቃል ሄዶ ሄዶ ፈረንጅ አገር ትርጉሙን ጥሎ፣ ዞሮ እኛ ግቢ ሲገባ መልሶ አነሳው። ባሕር ማዶ ማንም ያልሰማሽን፣ ያቺ ጆሮዋ የደከመ ሴት ሰማችሽ።

ከዚያ እነሱን ተወቻቸውና እኔን አየችኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ታስሮ ነበር?»

በብጣሿ ወረቀት የጠየቅሁሽ ይህንኑ ነበር። ጀሪካን አይሰጥምም። ሕፃን ያውቀዋል። ስንት ልጅ ጀሪካን አቅፎ ከባሕር ተርፎ መጥቷል እኮ። ካልታሰረ በቀር ጀሪካን ታች አይገኝም። አንቺም ይህን ስለምታውቂ ነው የዘለልሽው። እኔ ሻሼን ፊቴ ላይ ሳብኩ። የጀመረችውን ስፌት በጥርሷ በጠሰችው። የግራናው ልጅ ሲመጣ ባዶውን ጀሪካን ሰጥታ «አትሂድ» ብቻ አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አላለቀሰችም። ሰው ሲገባ ሰላምታ አትመልስም። ምግብ ስሰጣት ትቀበለኝና ታስቀምጠዋለች። ቀን ከሌት አንድ ነገር ነው፦ «እሰረው ያልኩት እኔ ነኝ። ታስሮ ነበር?» ሸሆች መጥተው «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ ከድጃ» ሲሏት «ቀደሩንስ አውቄአለሁ፤ ገመዱን ንገሩኝ» አለቻቸው።

ሀስና፣ ለምኜሽ አላውቅም። ዛሬ ልለምንሽ። አልታሰረም ነበር ብለሽ ጻፊላት። አንዲት መስመር። ማን ያጣራል? ባሕሩ ጥልቅ ነው ብለሽ አይደል? እኔ አነብላታለሁ፤ ፊቴ አይለወጥም፣ ተምሬዋለሁ። ባሌን አጥቼ እናቱንም ልቅበር?

ሸሆች ደግሞ ይህን በያት ብለውኛል፦ እናት የሰፋችውን አትስትም። እህቱ ትምጣና ያየችውን በአፏ ትመስክር፤ ከወረቀቱ ይልቅ ሰው ይበልጥብኛል።

ሲቲ

~

ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወልድያ

ሲቲዬ፣

ወልድያ ነኝ። ኢሕሳን በሐራ በኩል አምጥቶ አደረሰኝ። መንገዱን ሁሉ ሲቀልድብኝ መጣ፤ «ባሕር ላይ የዋልሽ ሰው በሚሌ ሙቀት ታለቅሻለሽ?» ይለኛል። አላስጨረስኩትም፤ ነገርኩት። መኪናውን ዳር አውጥቶ አቆመ።

ዛሬውኑ መርሳ መግባት እችል ነበር፤ ሚኒባሶቹ «መርሳ! መርሳ!» እያሉ ናቸው። ግን መርዶ ይዞ በምሽት በር አይገፋም። ይህን ደብዳቤ በአሁኑ ሚኒባስ እልክልሻለሁ። ለሸህ አብዱልሐሊም አድርሺ፤ ጋሽ አያሌውንም ጥሪያቸው፣ በራሳቸው ማዘናቸውን አውቃለሁና ይምጡ። እኔ ጎህ ሲቀድ እደርሳለሁ። እናቴን ፈጅር ከሰገደች በኋላ ቤት ውስጥ አስቀምጪያት።

ወደ መርከቧ አልመለስም። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥረዋል። ጥላ ማንበብ ግን ከእኔ አልወሰዱም፤ ያቺ ጀልባ የት እንዳለች የማውቅ ሰው ነኝ። የላክሁት ጽሑፍ መልስ እስኪያገኝ እልካለሁ።

ዋሺ ስላልሽኝ ደግሞ።

ገና ጅቡቲ ሳለሁ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሲቲ። «አልታሰረም ነበር» ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። የከበደኝ ውሸቱ አይደለም። እንዲያውም ቀለለኝ፤ የቀደድኩትም ለዚህ ነው። ያ አለቃ ሰዎቹን ከወረቀቱ ሲያወጣ እንዲሁ ቀሎት ነበር መሰለኝ። እሱ ለሥራው ሲል ነው፣ እኔ ለእናቴ ስል፤ ታች ያሉት ልጆች ግን ልዩነቱን አያውቁም።

ስለዚህ እነግራታለሁ። ታስሮ ነበር። የጀልባዋ መቀመጫ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ እሷ ጥጃ እንደምታስረው ዓይነት አስተሳሰር። አንድ ሌላ ነገርም እነግራታለሁ፤ ይህን እስካሁን ለማንም አልጻፍኩም። እዚያ ጥልቀት ላይ አየር ያለበት ዕቃ ሁሉ ይጨማደዳል፤ ባሕሩ ከላይ ስለሚጫነው እንደተረገጠ ጣሳ ይሆናል። ውሃ የሞላው ዕቃ ግን ቅርጹን አይለቅም። የእናቴ ጀሪካን እንደቆመ ነው። አልጎደለም። ወንድሜ ከእሱ ገና አልጠጣም ነበር፣ ሲቲ። ባሕሩ የወሰደው ከዳር ብዙ ሳይርቅ ነው። ቀናት አልተንከራተተም፤ ተጠምቶ አልሞተም። ሙሉ ጀሪካን ደግሞ ሰው ይዞ አይንሳፈፍም፤ ገመዱን መፍታት ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ደፍቶ መክደን ነበረበት፤ ለዚያ ጊዜ አላገኘም።

ይህ ያጽናናታል ብዬ አይደለም። ላያጽናናት ይችላል። ባዶ ቢሆንና ባይታሰር ኖሮ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ልታስብ ትችላለች፤ እኔም አስባለሁ። ግን የጠየቀችው ገመዱን ነው። ሦስት ዓመት ለልጆች እሰሩ ስትል የኖረች ሴት መልሱን ከእኛ ፊት ላይ ስትፈልግ አትኖርም። «ምንም የለም፣ ጨለማ ነው» ብዬ የጻፍኩላትንም ወረቀት ይዤ እንድታቃጥለው እጠይቃታለሁ።

ከዚያ ሸሆች ጋኢቡን ይስገዱ። አንቺም ነገ ፊት ለፊት፣ በሰው መሀል፣ እስኪበቃሽ ታለቅሻለሽ፤ ወፍ የሚጠብቅ የለም። ከነገ ወዲያ ወደ ግራና እንሄዳለን። እዚያ አሸዋ ላይ የሌላም ሰው ጫማ አለ። እያንዳንዷን በር አንኳኩቼ ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያመነ ያምናል፣ ያባረረኝ ያባርረኛል።

እኔ ግን ከእንግዲህ ወንድሜን ጭነት ብሎ የጻፈ ወረቀት አልቀበልም። ስሜን በወንድሜ ስም ዋጋ የሚሸጥልኝ ሰው አልቀበልም። «ጠፋ» የሚለውን ቃል አልቀበልም፤ ያለበትን አውቃለሁና አልጠፋም። «ለእናትሽ ስል ነው» ብሎ እውነቱን ከእጇ የሚነጥቅም ሰው አልቀበልም፤ ያ ሰው አንቺ ብትሆኚ፣ ያ ሰው እኔው ብሆን እንኳ።

ሀስና